የጋይንት ውርጭና «ግሊስተር» የተባለው ቃል

ውድ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በታች ያለው ደብዳቤ የተጻፈው ለአንድ ትልቅ ሰው ነው። እናንተም በትከሻቸው ላይ አሻግራችሁ እንድታነቡት ስለፈለግሁ በፖስታ አላሸግሁትም። ወደ እርሱ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ኀፍረቴን ላጫውታችሁ፤ ሌላ ሰው ከሚያወራብኝ እኔው ብናገረው ይሻላል።

ለመስቀል አገሬ ጋይንት ሄጄ ነበር። ንፋስ መውጫ ከአክስቴ ከእትዬ ቦጋለች ቤት እንግዳ ሆኜ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ዘነበች የምትባል ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰች ልጅ ነጠላዋን አጣፍታ ቀረበችና፣ «እትዬ ውባለም፣ እርስዎ አዲስ አበባ የሚኖሩ፣ መጽሔት ላይ የሚጽፉ ነዎት፤ ግሊስተር የሚባለውን የእንግሊዝኛ ቃል ያውቁታል?» ብላ ጠየቀችኝ። «አላውቀውም» ማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። እኔ ግን ዞር ብዬ ሳይ ጎረቤቱ ሁሉ አፍ አፌን ያያል። «እንዴታ! የቆርቆሮ ቀለም ነው፤ ጣራ ይቀቡበታል» አልሁ። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ወደ ጓዳ ገባች። በማግስቱ የአንድ ደብር ገበዝ ማልደው መጡና፣ ለቤተ ክርስቲያናቸው ጣራ ሁለት ጣሳ ግሊስተር ከአዲስ አበባ እንድልክላቸው ለመኑኝ። ይኸውላችሁ፣ የማላውቀውን ቃል ጣሳ ውስጥ ከትቼ ልሸጠው ጥቂት ቀረኝ። ደብዳቤውን ስታነቡ ግን «አላውቀውም» ማለት የከበደው ሰው እኔ ብቻ እንዳልሆንሁ ታያላችሁ።

መስከረም ፳፬ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አስማረ፣
የፈተና አጣሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ዘመነ ሉቃስን አስፈጽሞ ለዘመነ ዮሐንስ ያበቃዎ አምላክ ወገብዎን ያጽናልዎ፣ ዓይንዎን ያብራልዎ፣ የማኅተምዎን ቀለም አያድርቅብዎ። ዓይንዎን ለይቼ የመረቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ክረምት ያን ሁሉ የተማሪ ድርሰት ማንበብ፣ ከዚያም ሁሉ መካከል አንዲት ቃል ነቅሶ አውጥቶ መጠርጠር፣ ዓይንን ምን ያህል እንደሚያደክም ስለማውቅ ነው።

መሥሪያ ቤትዎን በስሙ ያልጠራሁት ከአክብሮት የተነሣ ነው። የሚያውቁት ያውቁታል፤ የማያውቁት ደግሞ በደጁ ቆመው ያልዋሉ ዕድለኞች ናቸውና በዕድላቸው ይኑሩ።

ነገሩን እርስዎ ስለሚያውቁት ለጥቂት ጊዜ ዓይንዎን ያሳርፉ፤ እኔ ለማያውቁት አንባቢዎቼ ላስረዳ። ባለፈው ሰኔ ለመምህራን ማሠልጠኛ መግቢያ የሚሆን ፈተና ተሰጥቶ ነበር። ለእኛ ወረዳ የተመደበው ቦታ ሦስት ብቻ ነው። በእንግሊዝኛው ፈተና ልጆቹ «ማለዳ በአገሬ» በሚል ርእስ አንድ ገጽ እንዲጽፉ ታዘዙ። ሌሎቹ፣ እግዚአብሔር ያሳድጋቸውና፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ ዶሮ ይጮኻል፣ እኔም ተነሥቼ ፊቴን እታጠባለሁ ብለው ጻፉ። ዘነበች የጻፈችው ስለ ውርጭ ነው። የአባቷ ማሳ የድጓ አገር ከሆነችው ከጋይንቷ ቤተ ልሔም ወዲህ ካለው ሜዳ ላይ ነው፤ ገብሱ ወተት ቋጥሮ ሳለ ውርጭ ስለወረደበት ማለዳ ጻፈች። ወደ አማርኛ ብመልሰው እንዲህ ይላል፦ «ከመንገድ ሆኖ ለሚያየው ማሳው ያብለጨልጫል። መንገደኛው ቆሞ ያደንቃል። አባቴ ግን አንድ ዛላ ቀጥፎ በጣቱ አሸት አድርጎ አየና ወደ ቤት ተመለሰ። ማጭዱን ከጣራው ሥር መልሶ ሸጎጠው።»

እኔ «ያብለጨልጫል» ባልሁበት ቦታ ልጅቱ የጻፈችው ግሊስተር የሚለውን ቃል ነው። ጦሱ ሁሉ የመጣው ከዚህች ቃል ነው።

አሁን ዓይንዎን ይግለጡልኝ፤ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ነሐሴ ፲፪ ቀን ስለጻፉት የመጀመሪያ ደብዳቤ ከልብ አመሰግናለሁ። በዚያ ደብዳቤ ተማሪ ዘነበች «በእንግሊዝኛ ቋንቋ ውስጥ የማይገኝ ቃል ፈጥራ ስለጻፈች» ውጤቷ መሰረዙን አስታውቀዋል። እኔ ሐሜት አልወድም፤ ሐሜት ግን እኔን ይወደኛልና ውሳኔው እንዴት እንደተወሰነ ከደጅዎ ደርሶኛል። የኮሚቴው መዝገበ ቃላት መዳፍ የምታህል፣ ከኮት ኪስ የምትገባ ናት አሉ። አንደኛው አባል ገለጠ፣ አጣ። ሁለተኛው ገለጠ፣ አጣ። እርስዎም መነጽርዎን በመሐረብ ወልውለው ገለጡ፣ አጡ። ከዚያ በኋላ፣ «እኛ ያጣነውን የጋይንት ገበሬ ልጅ ከየት አገኘችው!» ብለው ጥርቅም አደረጓት ይባላል። እውነት ከሆነ እጅግ ያስመሰግንዎታል። አንድን ትልቅ ቋንቋ ከዳር እስከ ዳር በኮት ኪስዎ ይዘው መዞር ለብዙ ሰው የተሰጠ ጸጋ አይደለም። በዚያው መዝገብ የእኛን ጉና ተራራ ፈልገው ቢያጡት ኖሮ፣ ተራራው እንዲነሣ ደብዳቤ ይጽፉለት እንደነበር አልጠራጠርም።

በዘነበች ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት ህንዳዊ መምህር ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ተቆጡ። ከትልቁ መዝገበ ቃላታቸው ገጹን በእጃቸው ገልብጠው ላኩልዎ። ቃሉ አለ፤ ትርጉሙም ብልጭ ብልጭ ማለት፣ ማብረቅረቅ ነው፤ ነገር ግን የአያቶች ቃል ነው አሉ። የዛሬዎቹ እንግሊዞች «የሚያብለጨልጭ ሁሉ ወርቅ አይደለም» በሚሉት ተረታቸው ውስጥ ካልሆነ በቀር አያነሡትም፤ ለዕለት ንግግራቸው ሌላ ቃል አላቸው። መምህሩ ከሥሩ አንድ ነገር ጨምረው ነበር፤ «ልጅቱ ካስቀመጠችበት ቦታ የተሻለ ቦታ ለዚህ ቃል እኔም አላገኝለትም» የሚል። ይህችኛዋን መስመር ምናልባት አላዩዋት ይሆናል። ዓይን ይደክማል ብያለሁ።

፪ኛ. ነሐሴ ፳፬ ቀን ስለጻፉት ሁለተኛ ደብዳቤ ደግሞ ምስጋናዬ እጥፍ ነው። በዚህኛው ደብዳቤ ቃሉ በሕይወት መኖሩን አምነዋል። «ቃሉ ጥንታዊና ከተማሪዋ የዕውቀት ደረጃ በላይ ስለሆነ፣ ድርሰቱ የሌላ ሰው ለመሆኑ ከባድ ጥርጣሬ ስላለን» ስረዛው እንደጸና ይቆያል ብለዋል። እስቲ አብረን እናስላው። ነሐሴ ፲፪ ቀን ልጅቱ ነበረች፣ ቃሉ አልነበረም። ነሐሴ ፳፬ ቀን ቃሉ ተገኘ፣ የጠፋችው ልጅቱ ናት። በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ምክንያቱ ከራሱ እስከ ጥፍሩ ሲለወጥ፣ ቅጣቱ ግን አንዲት ጠጕር እንኳ አልተነቀለችበትም። ብዙ ዳኛ አይቻለሁ፤ ፍርዱን አስቀድሞ ወንጀሉን ቀስ ብሎ የሚፈልግ ትዕግሥተኛ ግን እንደ እርስዎ አላየሁም።

፫ኛ. «ከየት አገኘችው?» ብለው መጠየቅዎን ሰምቼ፣ መልሱን ለማግኘት ግን አንድ እርምጃ አለመራመድዎን አስቤ፣ እኔ ተራመድሁልዎ። ስለ ጫማዬ አይጨነቁ።

አቶ እንየው የሚባሉ የጨውና የበርበሬ ነጋዴ አሉን። ከጥቂት ዓመታት በፊት መንገድ ሊለኩ የመጡ ፈረንጆች ድንኳናቸውን ነቅለው ሲሄዱ፣ ትተውት ከሄዱት ኮተት መካከል አንድ የጡብ ውፍረት ያለው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አገኙ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች እየቀደዱ በርበሬ ጠቀለሉባቸው። ኋላ ግን መጽሐፍ መቅደዱ ከነከናቸውና፣ «መጽሐፍ ከመጽሐፍ ሰው ዘንድ ይደር» ብለው የቀረውን ቤተ ልሔም ላሉት ለመሪጌታ ፈንታ አስረከቡ። መሪጌታ ፈንታ የዘነበች እናት ወንድም፣ ለአጎትነቱም ለመምህርነቱም የቆሙላት፣ ድጓ ሲያስተምሩ ጠጕራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛ አንዲት ፊደል አያውቁም።

ነገር ግን የድጓ መምህር ማለት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ከቃሉ በላይ በቀጭን ብዕር የተጣሉትን ምልክቶች አይቶ፣ ድምፅ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚያዝ የሚያውቅ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው በመጽሐፍ ላይ ያለች ትንሽ ጭረት እንኳ በከንቱ አልተጻፈችም። መሪጌታ የፈረንጁን መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል ሲያገላብጡ፣ በአንዳንዱ ቃል ራስ ላይ ትንሽ መስቀል ተተክሎ አዩ። በአብዛኛው ቃል ላይ የለም፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ነው። የመስቀሉን ትርጉም የሚናገረው ገጽ በርበሬ ተጠቅልሎበት ገበያ ወርዷል። ስለዚህ መሪጌታ ማንኛውም የጋይንት ሊቅ የሚያደርገውን አደረጉ፤ መስቀሉን ተሳለሙ። የእኅታቸውን ልጅ ጠርተውም፣ «ልጄ፣ ምልክት የሌለው ቃል የትም አለ፤ ማንም ይለዋል። መስቀል የተተከለበት ግን የከበረ ቃል ነው። አንቺ ከእርሱ ጀምሪ» አሏት።

ጀመረች። ፊደሉን ከትምህርት ቤት ታውቀዋለች፤ አያያዙን ከአጎቷ ተማረች። በሁለት ዓመት ውስጥ መስቀል ያለበትን ቃል ሁሉ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለቱን፣ ከነፍቺው በቃሏ ያዘች። የያዘችውም በአራራይ ዜማ እየጮኸች ነው፤ በእኛ አገር ትምህርት ያለ ዜማ አይገባም። ውኃ ስትቀዳ ግሊስተርን ታዜማለች፣ ጎመን ስትቀነጥስ ሌላውን ታዜማለች። ጎረቤቱ፣ «የመሪጌታ እኅት ልጅ የፈረንጅ ድጓ ጀመረች፤ ለእንግሊዞች ልትቀድስላቸው ነው መሰል!» እያለ ይስቅባት ነበር። እንግዲህ ስርቆት ሲፈጸም በአራራይ ይዜማል ወይ? መንደሩ ሁሉ የሰማው ሌባ ይኖራል ወይ? ይህን እርስዎ ይፈርዱታል፤ እኔ የምጽፍ ሴት ብቻ ነኝ።

ህንዳዊው መምህር ነገሩ ሲገባቸው ከትልቁ መዝገባቸው የምልክቱን ማብራሪያ ፈልገው፣ ልጅቱን ሊያጽናኑ እስከ ቤተ ልሔም ድረስ በበቅሎ ሄዱ። ያ መስቀል የክብር መስቀል አይደለም አሉ፤ መዝገብ አዘጋጆቹ በሞተ ቃል ላይ የሚያኖሩት ነው፣ በመቃብር ላይ እንደሚቆመው። ዘነበች ለሁለት ዓመት የለቀመችው የመቃብር ቃል ኖሯል! እትዬ ቦጋለች እንዳጫወቱኝ፣ ይህ ሲነገር ልጅቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መሪጌታ ግን መስቀሉን ደግመው ተሳለሙና፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መስቀል አይቼ ማለፍ አልችልም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ይሁን እንጂ ቃሉ ከሞተ፣ ሙታንን ማሰብ ከመቼ ወዲህ ነው ስርቆት የሆነው? ይህች ልጅ ዘመዶቹ ለረሱት ቃል ተዝካር አወጣችለት እንጂ ከማንም ቤት አልወሰደችውም» አሉ። ይህን ቃል በቃል የጻፍሁልዎ፣ ሦስተኛውን ደብዳቤዎን ሲያረቁ እንዲመችዎ ነው።

እኔም በበኩሌ ሰው ማመን ከተውሁ ቆይቻለሁ፤ ይህን ሁሉ ሰምቼ ወዲያው አልተቀበልሁም። መጠርጠር ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ወደ እኛም ተጋብቷል። መጽሐፉን አስመጣሁ፤ ዘነበችን ፊት ለፊቴ አስቀመጥሁ፤ የፈቀድሁትን ገጽ እየገለጥሁ መስቀሉ ላይ ጣቴን አኖርሁ። እኔ ቃሉን አነበንባለሁ፤ እርሷ ፍቺውን ትነግረኛለች፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን ባለ መስቀል ቃል ደግሞ ሳልጠይቃት ትጨምርልኛለች። ሠላሳ ገጽ ያህል ሄድን። አንዲት አልሳተችም። የሳትሁ እኔ ነበርሁ፤ አንድ መስቀል ስዘል፣ «እትዬ፣ እዚህ ላይ አንድ ቀርቶብዎታል» አለችኝ። በመጨረሻ፣ «ግን ልጄ፣ ከዚያ ሁሉ ቃል መካከል ለውርጩ ይህን ለምን መረጥሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ስለ መብራትና ስለ ፀሐይ የሚነገሩ ቃላት ነበሩ፤ እነርሱ ይሞቃሉ» አለችኝ። «ውርጩ ሲያበራ አይሞቅም፤ ያታልላል። ይህም ቃል እንደዚያ መሰለኝ፤ ሲያዩት ያምራል፣ ሲጨብጡት ይበርዳል።»

ክቡር ሆይ፣ እኔ ከዚህ ሙያ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን አልጽፍም ነበር። ለጣራ ቀለም ያደረግሁትን ቃል አንዲት ልጅ ይህን ያህል ስታውቀው፣ ከኀፍረቴ ይልቅ ቅናቴ በለጠ።

፬ኛ. ደብዳቤዎ ላይ «ሌላ ሰው» የተባለው ማን እንደሆነ ስም ባይጠሩም፣ ጋይንት ጠርታልዎታለች። መጽሐፉ ያለው በመሪጌታ ቤት ነውና፣ የጻፈላት እርሳቸው ናቸው ተባለ። እንግሊዝኛ የማያውቅ ሽማግሌ እንግሊዝኛ ጻፈ መባሉ ሊያስቅ ይችላል፤ እርሳቸውን ግን አላሳቃቸውም። በወጣትነታቸው ጎጃም ወርደው ቅኔ ተምረዋል። በዚያ ጉባኤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አድርጎ የተቀኘ ተማሪ ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ እንደማይሄድ እርስዎም የካህን ልጅ ነዎትና ያውቃሉ። መሪጌታ ደብዳቤው ከተነበበላቸው ቀን ጀምሮ ከወንበራቸው ላይ አልተቀመጡም። ተማሪዎቻቸውን ቆመው ነው የሚያስተምሩ፤ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ከጠዋት እስከ ቀትር፣ በመቋሚያ ተደግፈው። «ስርቆት የተጠረጠረ ሰው ወንበር አይገባውም» ይላሉ። ለዚህም ላመሰግንዎ ይገባል፤ የቤተ ልሔምን ወንበር ባዶ ለማድረግ አንዲት ማኅተም መብቃቷን ከእርስዎ በፊት ያወቀ አልነበረም።

፭ኛ. ይህ አጭር ነው። ከጽሕፈት ቤትዎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የሦስቱን አላፊዎች ዝርዝር አይቼዋለሁ። አንደኛውና ሁለተኛው ስም በሰማያዊ ቀለም ተጽፈዋል። ሦስተኛው በጥቁር ነው፤ የእጅ ጽሕፈቱም ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው። ቀለም ያልቃል፤ ጸሐፊም ይለወጣል። እኔ ምንም አልጠረጠርሁም። የዚያ ሦስተኛው ልጅ አባት በመስቀል ዋዜማ ለማን ቤት ሙክት እንደነዳ ከገበያ የሰማሁትንም እዚህ አላነሣውም፤ ምክንያቱም ሙክቱን ያየሁት በሌላ ሰው ዓይን ነው፤ የሌላ ሰው ዓይን ደግሞ ይደክማል።

እንግዲህ ምስጋናዬ አልቆ ልመናዬ ቀረ። ወደ ማሠልጠኛው የሚገቡ ልጆች ምዝገባ የሚዘጋው ጥቅምት ፳ ቀን ነው። ከስምንተኛ ክፍል በላይ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በአቅራቢያችን የለም፤ ዘነበችን ርቃ እንድትማር የሚያስችላት ዘመድም በከተማ የላትም። ቀኑ ካለፈ መጽሐፉ ወደ ሣጥኑ፣ ልጅቱ ወደ አጨዳው ነው። አባቷ ይህን ሲነግሩኝ አልተማረሩም። «እኛ ውርጭ ለምደናል» ብቻ አሉኝ።

የምለምንዎ አንዲት ሰዓት ነው። ዘነበችን ከኮሚቴው ፊት ያስቀርቧት። የአቶ እንየውን መጽሐፍ በበቅሎ ጭነን እናመጣዋለን። እርስዎ ራስዎ፣ በዚያ በሚጠራጠረው እጅዎ፣ የወደዱትን ገጽ ይግለጡና መስቀሉ ላይ ጣትዎን ያኑሩ። ከሳተች እኔ በዚህ መጽሔት ላይ በትልቁ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ካልሳተች ደግሞ እርስዎ ምንም ይቅርታ አይጠይቁ፤ ልምዱ የለዎትምና እንዳይጎዳዎ። ስሟን በሰማያዊም ይሁን በጥቁር፣ በፈለጉት ቀለም ይጻፉልን፤ ለመሪጌታም አንድ መስመር ይላኩላቸው፤ ይቀመጡ።

የክቡርነትዎን የመጠርጠር ጥበብ ከሩቅ የማደንቅ፣ የጤናዎ ተመኚ፣ የደጅዎ ታዛቢ፣ ስለ ጣራ ቀለም የዋሸሁትንም በአደባባይ የተናዘዝሁ፣

ውባለም፣ የጋይንት ልጅ

የረሳሁት። ክቡር ሆይ፣ ደብዳቤዬን ጨርሼ ለመጽሔቱ ልልክ ስል መሪጌታ፣ «እስቲ ያን ሁለተኛውን ደብዳቤ ደግመሽ አንብቢልኝ» አሉኝ። የድጓ ሰው አንድ ጊዜ ሰምቶ አይበቃውም። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ መቋሚያቸውን አነሡና፣ «ቁሚ፤ እዚህ ላይ ዜማው ተሰብሯል» አሉ። ቆምሁ። እውነትም ተሰብሯል። ከላይም ከታችም ስለ ተማሪ ዘነበች የሚናገረው ደብዳቤዎ፣ መካከሉ ላይ፣ «ስለሆነም ተማሪ አለበል ያቀረበው ድርሰት የራሱ ለመሆኑ ከባድ ጥርጣሬ ስላለን» ይላል። ስሙን ከላይ ለውጠዋል፣ ከታች ለውጠዋል፤ መካከለኛውን ግን ከአሮጌ ደብዳቤ ሲገለብጡ ዘለሉት። እንግዲህ በመገልበጥ የተከሰሰችው ልጅ አንዲት መስቀል አልዘለለችም፤ ከሳሽዋ ግን አንድ ሙሉ ልጅ ዘለለ።

አለበል ማን እንደሆነ ለማወቅ ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም፤ ንፋስ መውጫ ገበያ ላይ ስጠይቅ፣ የአገራቸው ልጅ ነውና የስማዳ ሰዎች ነገሩኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ፈተና ተፈትኖ፣ በዚሁ ደብዳቤ ተሰርዟል። የራሱን ድርሰት ራሱ አልጻፈም የተባለው ልጅ ዛሬ መካነ ኢየሱስ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ተቀምጦ፣ ለባለ ጉዳይ ሁሉ ማመልከቻ እየጻፈ ይኖራል። የጻፈው ማመልከቻ ውድቅ ሆኖ ተመልሶ አያውቅም ይላሉ። የፊታችን ቅዳሜ ዘነበችና እኔ ሁለቱን ደብዳቤዎችዎን ይዘን ወደ እርሱ እንወርዳለን፤ የዘነበችን ይግባኝ የሚጽፈው እርሱ ነው። ያን ጊዜ እርሱን ያስጠረጠረው ቃል የትኛው እንደነበረ እጠይቀዋለሁ፤ ቃሉንም፣ የሞተም ይሁን በሕይወት ያለ፣ ከነትርጉሙ በዚሁ ገጽ ላይ አወጣዋለሁ። የማላውቀው ከሆነም የጣራ ቀለም ነው አልልም።